ከዚራ ቪላ ከመግዛትዎ በፊት

ጥያቄው የመጣው ከአዲስ አበባ ነው። አሳጥሬ ላስቀምጠው። «ባለቤቴ ድሬዳዋ ነፃ የንግድ ቀጣና ውስጥ ሥራ አግኝቷል። ሁለት ልጆቻችንንና እናቴን ይዘን ልንሄድ ነው። ያማከርነው ሰው ሁሉ ከዚራ ግቡ፣ የባለጸጋ ሰፈር ነው ይለናል። ደላላው የሁለት ቪላ ፎቶ ልኮልናል፤ አንዱ ከዚራ፣ አንዱ ሳቢያን። ከዚራ የሚኖረው ምን ዓይነት ሰው ነው? ዋጋውስ ያዋጣል? ደላላው ዛሬ ነገ ሳትሉ ቀብድ አስይዙ እያለን ነው።»

ቀብዱ ይቆይ። እኔ እዚሁ ድሬ የቤት ግምት እየሠራሁ የምኖር ሰው ነኝ። ባንክ በመያዣ ሲያበድር፣ ወራሾች ሲካፈሉ፣ ትዳር ሲፈርስ ነው የምጠራው። ስለዚህ ከዚራን ከበረንዳው ይልቅ በፋይሉ አውቀዋለሁ። ምክሬ አጭር ነው፤ መጀመሪያ ተከራዩ፣ አንድ የሙቀት ወቅት እለፉ፣ ከዚያ ግዙ። በረጅሙ የምጽፈው ምክንያቱን ነው።

ከዚራን የፈጠረው ባቡሩ ነው። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ እዚህ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ነው። መጀመሪያ የታሰበው ሐረር ሊወጣ ነበር። ዳገቱ ስላስቸገረ ከተራራው ሥር ቀረ። ከተማዋም አዲስ ሐረር ተባለች። ከዚያ የኩባንያው ገንዘብ አለቀና ሥራው ለዓመታት ቆመ። ዕቃው ሁሉ እዚሁ ይራገፍ ነበር። ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። በእነዚያ ዓመታት ፈረንሳዮቹ ከጣቢያው ፊት ለፊት አደባባይ አወጡ። ከአደባባዩ ቀጥ ያሉ መንገዶች ዘረጉ፤ ዛፍም ተከሉ። የባቡር ኩባንያው ሠራተኞች፣ የግሪክ፣ የአርመን፣ የጣሊያንና የህንድ ነጋዴዎች ቤት ሠሩ። ከተማዋን ከሚከፍለው ከደቻቱ ወንዝ ማዶ ደግሞ የገበያው ሰፈር መጋላ በራሱ መንገድ አደገ። ጠባብ ጠመዝማዛ መንገድ፣ ገበያ፣ መስጊድ፣ ሱቅና መኖሪያ በአንድ ግድግዳ። እስከ ዛሬ ድረስ የድሬን ቤት ዋጋ ለመረዳት ይህ ክፍፍል ይጠቅማል። ከዚራ ሲሸጥ መንገዱና ጥላው ነው የሚሸጠው። መጋላ ሲሸጥ ደንበኛው ነው የሚሸጠው።

ለእናንተ ጉዳይ ግን ከ1895 ይልቅ 1967 ይበልጣል። በዚያ ዓመት ሐምሌ የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታን በሙሉ፣ ትርፍ ቤትንም እንዲሁ የመንግሥት አደረገ። ወርሃዊ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የነበሩት ለቀበሌ ተሰጡ። ከዚያ በላይ ያሉት ኪራይ ቤቶች የምንለው ድርጅት ዘንድ ገቡ። ዛሬ የፌዴራል ቤቶች ኮርፖሬሽን ይባላል። አሁን ከዚራን በብዙ ቤት የተሞላ የባለጸጋ ሰፈር አድርገው ያስቡት። ነጋዴው፣ የኩባንያው ሹም፣ ከውጭ የመጣው ሰው ብዙ ጊዜ ከአንድ በላይ ቤት ነበረው። አዋጁ የበረታው እዚህ ነው።

ስለዚህ ከዚራ ሲያልፉ ዓይንዎ የሚያርፍበት ቤት፣ ያ ሰፊ በረንዳና የእንጨት መዝጊያ ያለው፣ ቡገንቪላ ያለበሰው ቤት፣ ብዙ ጊዜ የሚሸጥ ቤት አይደለም። የመንግሥት ነው። ወይ መሥሪያ ቤት ገብቶበታል፣ ወይ ሦስት አራት አባወራ ተካፍሎት ይኖርበታል። ደላላ «በውስጥ እናስጨርሳለን» ካለዎት እየሸጠልዎ ያለው ቤቱን አይደለም። የተከራይነት መብትን ነው፣ እሱም የማይሸጥ። የቀበሌ ቤት ተከራይ ቤቱን ሊሸጥልዎ አይችልም። ገንዘቡን ወስዶ ቁልፍ ቢያስረክብዎም ነገ ቀበሌው ቢያስወጣዎ የሚያሳዩት ወረቀት የለዎትም።

የሚኖረው ማን ነው ላሉት፣ አንድ መንገድ ላሳይዎ። በአንደኛው ጥግ ረጅም አጥር፣ የብረት በር፣ ሁለት መኪና። ባለቤቱ ጅምላ ነጋዴ ነው፤ ሱቁ መጋላ፣ ቤቱ ከዚራ። ከሱ ቀጥሎ የድሮ የባቡር ጡረተኛ። ፈረንሳይኛ ይናገራሉ፣ ወርሃዊ ኪራያቸው ለአንድ ኪሎ ሥጋ አይበቃም፣ ከበር ላይ ወንበራቸውን አውጥተው ጋዜጣ ያነባሉ። ከሳቸው ቀጥሎ ባንክ። ከባንኩ ጀርባ ልጆቹ ካናዳ ያሉበት የተዘጋ ቪላ፣ ዘበኛው ብቻ የሚኖርበት። ማዶው የእርዳታ ድርጅት ቢሮ፣ ቀጥሎ ሆቴል። ጥጉ ላይ ጫት የምትሸጥ እናት ጥላ ዘርግታለች። ከዚራ የባለጸጋ ሰፈር ነው የሚባለው ውሸት አይደለም። ግን ሀብታም ብቻውን ታጥሮ የሚኖርበት ሰፈር አይደለም። አዲስ አበባ ውስጥ ቦሌ ወይም ሲኤምሲ ባለው አኗኗር ከገመቱት ይሳሳታሉ። እኔ በበኩሌ ይህን የከዚራን ቅይጥነት ነው የምወድለት፣ ግን ምርጫው የእናንተ ነው።

ከብሔርና ከሃይማኖት አንጻርም እንዲሁ ነው። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ የድሬዳዋ አስተዳደር ሕዝብ 341,834 ነበር። ከዚህ 233,224ቱ ከተማ ውስጥ ነው። ኦሮሞ 46 በመቶ ገደማ፣ ሶማሌ 24፣ አማራ 20፣ ጉራጌ ከ4 በላይ። ከመቶ ሰባ ያህሉ ሙስሊም፣ ሩብ ያህሉ ኦርቶዶክስ። ቆጠራው አርጅቷል፣ ከተማዋ ዛሬ ከዚያ በጣም ሰፍታለች። ለእናንተ የሚነግራችሁ ነገር ግን አልተለወጠም፤ ልጆቻችሁ ከጎረቤት ጋር ሲጫወቱ አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማሊኛ በአንድ ጨዋታ ይሰማሉ። ዓመት ሳይሞላ «አቦ» ማለት ይጀምራሉ። እናትዎም ቢሆኑ አይቸገሩም። እዚህ ጎረቤት ሳይጠሩት ነው የሚመጣው።

የሰፈሩ ቀንም የራሱ ሥርዓት አለው። ከስድስት ሰዓት በኋላ ሱቅ ይዘጋል፣ መንገዱ ጭር ይላል። ከሰዓት በኋላ በርጫ ነው፤ ሰው ተሰብስቦ ጫት ይቅማል። ሰው ወደ መንገድ የሚመለሰው ፀሐይ ስትበርድ ነው። ያን ጊዜ ከዚራ ይነቃል፤ ጁስ ቤቱ፣ ካፌው፣ የባጃጁ ጥሩምባ። የምሽቱን ግርግር የማይወድ ሰው ከዋናው መንገድ ሁለት መታጠፊያ ገባ ብሎ ቤት ይፈልግ። ልዩነቱ ትልቅ ነው። ፎቶ ይህን አያሳይም።

አሁን ወደ ገበያው። ከዚራ ውስጥ በግል የተያዘና የሚሸጥ ቤት ጥቂት ነው። ጥቂት ስለሆነም ዋጋው በገበያ አይገራም። አንድ ቤት ይሸጣል፣ ወሬው ይናኛል፣ የሚቀጥለው ሻጭ «እነ እከሌ በዚህን ያህል ሸጡ» ብሎ ከዚያ ላይ ይጨምራል። ያ የተሸጠው ቤት ሁለት ካርታ፣ የንግድ ፈቃድ ያለው ሱቅና ዋና መንገድ የያዘ ሊሆን ይችላል። ይህን የሚጠይቅ የለም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ደግሞ ሻጩ ዋጋ ሲጠራ ልቡ ዶላር ያሰላል። ልጆቹ ውጭ ያሉ ሻጭ ከሆነ ከነጭርሱ። ነፃ የንግድ ቀጣናው በ2014 ዓ.ም. ማብቂያ ሲመረቅም ደላላው ሁሉ «የውጭ ኩባንያ ሊከራይ ነው» ማለት ጀመረ። ያ ወሬ እስከ ዛሬ በዋጋው ውስጥ ተቀምጧል። ወደፊት ሊሆን ይችላል ለሚባል ተከራይ ዛሬ ለምን ይከፍላሉ?

እኔ ግምት ስሠራ የካሬ ዋጋ ብቻ ይዤ አልነሳም። የከዚራ ግቢ ብዙ ጊዜ ሰፊ ነው፣ ቤቱ ደግሞ አሮጌ። ገዢው የሚከፍለው በአብዛኛው ለቦታው አጠቃቀም ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ እዚያ ቦታ ላይ ምን መሥራት ይፈቀዳል የሚለው ነው። የፕላን መረጃ ከአስተዳደሩ ይጠይቁ። መንገዱ ሊሰፋ ታቅዶ ከሆነ የአጥሩ ግማሽ ሊሄድ ይችላል። ዋና መንገድ ዳር ከሆነ ፎቅ እንጂ ቪላ አይፈቀድም ሊባሉ ይችላሉ። ቤቱ በቅርስነት ተመዝግቦ ከሆነ ደግሞ ያለ ፈቃድ ግድግዳ አያፈርሱም። ሦስቱም ዋጋውን ይለውጣሉ፣ ሦስቱም ከደላላው አፍ አይወጡም።

ሻጩ ማነው? ከዚራ ላይ በአብዛኛው ወራሽ ነው። አባት ሞተዋል፣ እናት ሞተዋል። አንዱ ልጅ እዚህ፣ አንዷ ጅቡቲ፣ ሌላው ቶሮንቶ፣ አንዱ ደግሞ ከሌላ እናት የተወለደ። ቤቱ አሁንም በሟች ስም ነው። እዚህ ያለው ልጅ ቁልፉን ይዟል፣ ግብሩን ይከፍላል፣ ስለዚህ ባለቤት ይመስላል። ደላላውም እሱን ነው የሚያውቀው። አንድ ጉዳይ ላንሳ። ገዢው ለታላቅ ወንድም ቀብድ ከፈለ። ወንድሙ የወራሽነት ማስረጃ አለኝ አለ፤ እውነትም ነበረው። ግን ማስረጃው ላይ አምስት ስም ነው ያለው። ጅቡቲ ያለችው እህት «በዚህ ዋጋ አልሸጥም» አለች። ቤቱ አልተሸጠም። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቀብድ የተቀበለ ሰው ውሉን ካፈረሰ እጥፍ ይመልሳል። ጥሩ ሕግ ነው። ወንድሙ ግን ገንዘቡን መኪና ገዝቶበታል። ገዢው ፍርድ ቤት ነው፤ መብት አለው፣ ገንዘብ የለውም።

ስለዚህ ከቤቱ በፊት ወረቀቱን ይጎብኙ። ካርታው በማን ስም ነው? ሟች ከሆነ፣ በፍርድ ቤት የተሰጠው የወራሽነት ማስረጃ ላይ ያሉት ሁሉ ይፈርማሉ፣ ወይም ውክልና ይልካሉ። ውክልናውን አንድ በአንድ ያንብቡት። «ንብረቴን ያስተዳድርልኝ» የሚል ጠቅላላ ውክልና ቤት አይሸጥም። «ይሽጥልኝ» የሚል ልዩ ሥልጣን በግልጽ መጻፍ አለበት። ከውጭ የመጣ ከሆነ በኤምባሲና በውጭ ጉዳይ የተረጋገጠ መሆኑን ይዩ። ወራሽ ያልሆነ ባለትዳር ሻጭ ከሆነ የሚስት ወይም የባል ፊርማ የግድ ነው። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ የጋራ የሆነ የማይንቀሳቀስ ንብረት ያለ ሁለቱ ስምምነት አይሸጥም ይላል። ይህ የፌዴራል ሕግ በቀጥታ የሚሠራው አዲስ አበባና እኛ ድሬ ላይ ነው። ከሐረርጌ የመጣ ገዢ አንዳንዴ ይህን አያውቅም፤ እርስዎ ግን ከአዲስ አበባ ስለሚመጡ አዲስ አይሆንብዎትም።

ከዚያ ዕዳና እገዳ። ባንክ ይዞት ይሆን? ፍርድ ቤት አግዶት ይሆን? ይህን ከመሬት ይዞታ መሥሪያ ቤቱ በጽሑፍ ያስወጡ። የቃል መልስ አይበቃም። የቦታውና የጣሪያ ግድግዳ ግብሩን ደረሰኝ እስከ ዘንድሮ ይጠይቁ። ውሉ የሚፈረመው ሰነዶች ማረጋገጫ ፊት ነው። ቤት ውስጥ በሁለት ምስክር የተፈረመ የቤት ሽያጭ ውል ለፀብ እንጂ ለስም ዝውውር አይረባም። ዋናውን ገንዘብ ስም ሳይዛወር በጥሬው አይስጡ። ውሉ ላይ ከእውነተኛው ዋጋ ያነሰ ቁጥር እንጻፍ የሚል ሻጭም ያጋጥምዎታል፤ ግብር ለማሳነስ ነው። ነገር ሲበላሽ የሚመለስልዎ ግን የተጻፈው ነው።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው አንድ ነጥብ አለ፣ እሱ ላይ ልቆይ። ከዚራ ያለው የግል ቤት በአብዛኛው ነባር ይዞታ ነው፤ ሊዝ፣ ማለትም ቦታን ከመንግሥት ለተወሰነ ዓመት በክፍያ መያዝ፣ ከመምጣቱ በፊት የተያዘ። ሻጩም «ነባር ነው፣ ሊዝ የለበትም» ብሎ እንደ ጌጥ ያቀርበዋል። ለሱ የለበትም። የሊዝ አዋጁ፣ ቁጥር 721/2004፣ ነባር ይዞታ ከውርስ ውጭ በማናቸውም መንገድ ለሌላ ሰው ሲተላለፍ የተላለፈለት ሰው ቦታውን በሊዝ ይይዛል ይላል። ይህ ማለት ሻጩ በነባር ይሸጣል፣ እርስዎ በሊዝ ይረከባሉ። ሊዙ ለመኖሪያ 99 ዓመት ነው፣ ክፍያውም በዓመታት ይከፋፈላል፤ ስለዚህ አንገት የሚያንቅ ነገር አይደለም። ግን የከዚራ ግቢ ሰፊ ነው፣ ሊዝ ደግሞ በካሬ ነው የሚሰላው። ዋጋ ከመነጋገርዎ በፊት መሥሪያ ቤቱ ሄደው በዚያ ቦታ ደረጃ፣ በዚያ ስፋት ስንት እንደሚመጣ ያሰሉ። ያን ቁጥር ከሻጩ ዋጋ ላይ ቀንሰው ይደራደሩ። በ2017 ዓ.ም. የንብረት ታክስ አዋጅም ወጥቷል፤ ሰፊ ግቢ ወዳጅ ከሆኑ እሱንም በሒሳብዎ ያስገቡ።

ቤቱ ራሱስ? እዚህ ላይ ለአሮጌዎቹ አደላለሁ። ድሬ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ግንቦትና ሰኔ ላይ ሙቀቱ ከ35 ዲግሪ ይሻገራል። የድሮ ሠሪዎች ይህን ያውቁ ነበር። ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ፣ ከፍ ያለ ኮርኒስ፣ ዙሪያውን በረንዳ፣ አየር የሚያሳልፍ የእንጨት መዝጊያ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ እንዲህ ያለ ቤት ሲገቡ ትከሻዎ ይወርዳል። አዲሶቹ ባለ አንድ ፎቅ ቤቶች ደግሞ አዲስ አበባን ነው የሚኮርጁት። ፊታቸው በሙሉ አሉሚኒየምና መስታወት፣ በረንዳቸው ለወፍ የማይበቃ፣ ፀሐይ የሚገባበት ምዕራብ ላይ ትልቁ መስኮት። ከሰዓት በኋላ ምጣድ ነው። ከዚያ ለአየር ማቀዝቀዣ መብራት ሲከፍሉ መኖር ነው፣ መብራት ያለ ቀን። እናትዎ ዕድሜያቸው የገፋ ከሆነ ይህን እንደ ቅንጦት አይዩት።

አሮጌ ቤት ሲያዩ ግን ኮርኒሱን ያስወጡ። ከላይ ያለው እንጨት ምስጥ በልቶት ይሆናል፤ ቀለም ይሸፍነዋል። በቢላዋ ጫፍ ይውጉት፣ ከገባ ጣሪያው በሙሉ ይነሳል ብለው ይቁጠሩት። ግድግዳው ሥር የነጣ ዱቄት የመሰለ ነገር ካለ እርጥበት እየሳበ ነው። ቧንቧውን ይክፈቱ። የድሬ ውሃ ከጉድጓድ ነው የሚመጣው፣ ትልቁ የጉድጓድ ቦታም ሳቢያን ነው። ኖራ ይበዛዋል። የሻይ ማፍያው ውስጥ ነጭ ቅርፊት ይጋግራል፤ የቧንቧውም ውስጥ እንዲሁ ነው። ሃያ ሠላሳ ዓመት የቆየ የብረት ቧንቧ ቀዳዳው እርሳስ እስኪያክል ይጠባል። ሻጩ ግፊት የለም፣ የከተማው ችግር ነው ይልዎታል። ጎረቤት ቤት ገብተው ቧንቧ ይክፈቱ፤ እዚያ ከወረደ ችግሩ የከተማው አይደለም። የሮቶውንም መጠን ይዩ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ስድስት ሰው ያለበት ቤት አንድ ትንሽ ሮቶ አይበቃውም።

ደቻቱ አጠገብ ያለ ቤት ከመጣልዎ ቆም ይበሉ። ደቻቱ አብዛኛውን ዓመት አሸዋ ነው። ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። አደጋው ከከተማዋ አይነሳም፤ ከላይ ደጋው ላይ ሲዘንብ እዚህ ጠብ ሳይል ጎርፉ ይደርሳል። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ሌሊት የመጣው ጎርፍ ከ250 በላይ ሰው ገድሏል። ከዚያ ወዲህ የጎርፍ መከላከያ ግንብ ተሠርቷል። ያም ሆኖ ከወንዙ በቅርብ ርቀት ላለ ቤት እኔ መያዣ ሲገመት ዋጋ እቀንሳለሁ። የሰፈሩን አሮጊት ይጠይቁ፤ «ያኔ ውሃው እስከ የት ደረሰ?» ይበሏቸው። በጣታቸው ግድግዳው ላይ ያሳይዎታል።

ሳቢያን ሌላ ዓለም ነው። አዲስ ነው። ቦታው በማኅበርና በሊዝ የተሰጠ፣ መንገዱ ሰፊ፣ ቤቱ ቪላና ባለ አንድ ፎቅ። የሚኖረው ሰው የመንግሥት ሠራተኛ፣ ነጋዴ፣ አስተማሪ፣ ሐኪም፣ ውጭ ባለ ልጁ ገንዘብ ቤት የሠራ ወላጅ። ዛፉ ገና ነው፣ ጥላው ትንሽ ነው። ከዚራ የሚያወራለት ታሪክ የለውም። ግን ሻጩ አንድ ነው፣ ካርታው በሕይወት ባለ ሰው ስም ነው፣ ተመሳሳይ ቤት ብዙ ስለሆነ ዋጋው ይነጻጸራል። አንድ ቤት ተወደደብዎት? ሁለት በር አልፈው ሌላ ይጠይቃሉ። ከዚራ ይህ ዕድል የለም። ገምጋሚ ስሆን የሳቢያንን ግምት በድፍረት እፈርማለሁ። የከዚራን ስፈርም ሁለቴ አነባለሁ። ለሥራም ቢሆን ቀጣናው ከከተማው ወጣ ያለ ስለሆነ ባለቤትዎ ጠዋት ሊሄድ የሚችልበትን መንገድ በኪሎ ሜትር ሳይሆን በሰዓት ይለካው።

ሳቢያን ላይ የማስጠነቅቅዎ አንድ ነገር ሊዙ ነው። ግንባታው ሳይጀመር ወይም ከግማሽ በታች እያለ የሊዝ ቦታን ማስተላለፍ ሕጉ ጠባብ በር ነው ያበጀለት። «መሠረቱ ወጥቷል፣ አንተ ጨርሰው» የሚል ሻጭ ሲያገኙ መጀመሪያ መሥሪያ ቤቱን ይጠይቁ። ያልተከፈለ የሊዝ ዕዳ ካለም ከቦታው ጋር ይመጣል።

ከከተማው ዳር፣ ከገበሬ ላይ ተቆርሶ የሚሸጥ ርካሽ ቦታ የሚያሳይዎ ሰውም አይጠፋም። ካርታ የለውም፣ «ሕጋዊ ይደረጋል» ይባላል። እዚህ ላይ ረጅም አልጽፍም። አይግዙ።

ወደ ኪራዩ ልምጣ፣ ምክሬ እሱ ነውና። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ፣ ቁጥር 1320፣ ለተከራይ ጥሩ ጋሻ ነው። ውሉ ከሁለት ዓመት ባላነሰ ጊዜ ነው የሚሆነው፣ በጽሑፍ ይሆናል፣ ይመዘገባል። ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ አይበልጥም። አከራዩ በዓመቱ መሐል ተነስቶ ጨምሩ ማለት አይችልም። ኪራዩን በባንክ ይክፈሉ። አከራዩ የስድስት ወር በአንዴ ካለ፣ ሕጉን በትሕትና ያስታውሱት። ድሬ ሰው በጨዋታ ይግባባል፤ ወረቀት ጠረጴዛ ላይ ከመዘርጋት ሻይ ይቀድማል።

ከዚራ ኪራይ ሲፈልጉ ጊዜው ይለያያል። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ቁልቢ ገብርኤል የሚነግሥባቸው ሰሞን ሆቴሉ ይሞላል፣ ባዶ ቪላ ሁሉ ለእንግዳ ይከራያል። ያን ሳምንት የተጠየቁት ዋጋ ዋጋ አይደለም። ከዚያ ሁለት ሳምንት ቆይተው ይምጡ። ሰርቪስ ቤት ያለው ግቢ ካገኙ ለእናትዎ ይሆናል፤ መሬት ላይ ነው፣ ደረጃ የለውም፣ ለብቻው ይበርዳል። ግቢውን ከሌላ ተከራይ ጋር የሚጋሩ ከሆነ የመብራትና የውሃ ቆጣሪው ለብቻ መሆኑን ያረጋግጡ። ጎረቤትን ከጎረቤት የሚያጣላው ቆጣሪ ነው።

አሁን ፎቶዎቹን ልይ። የከዚራው ቪላ መልኩ ደስ ይላል፤ በረንዳው፣ ወለሉ። ግን በፎቶው ጥግ ሁለተኛ በር አለ፣ ከበሩ ላይም ልብስ ተሰጥቷል። ያ ሌላ አባወራ ነው። ግቢው ተከፍሏል ማለት ነው፤ ወይ ከፊሉ የቀበሌ ነው፣ ወይ ከወራሾቹ አንዱ እዚያ ይኖራል። ደላላውን «ያ በር የማን ነው?» ብለው ይጠይቁት። ካርታውንም ፎቶ አንስቶ ይላክልዎ። የካርታው ስፋት ከአጥሩ ስፋት ካነሰ ትርፉ የማን እንደሆነ በጽሑፍ ይመልስ። የሳቢያኑ ቪላ ደህና ነው፣ መስታወቱ በዝቷል እንጂ። ሳሎኑ ወደ ምዕራብ የሚያይ ከሆነ ከፊቱ በረንዳ ለመጨመር ቦታ መኖሩን ይዩ፤ ካለ መፍትሔ አለው።

ድሬ ሲመጡ ከመፈረምዎ በፊት ሁለቱንም ቤት በዘጠኝ ሰዓት ይጎብኙ። በጠዋት ማንኛውም የድሬ ቤት ደስ ይላል። ደላላው ጠዋት የሚወስድዎ በዚህ ምክንያት ነው። ሁለቱም ቤት ውስጥ መብራት አጥፍተው፣ ቬንትሌተር ሳይከፍቱ ግማሽ ሰዓት ይቀመጡ፤ እናትዎም አብረው ይቀመጡ። የሳቸውን መልስ ይዘው ከዚያ ወደ መሬት መሥሪያ ቤቱ ይሂዱ።